ፍርሃት በልክ

ካሊፎርኒያ ውስጥ ከሳን ፓብሎ ተነስቶ በአይ-80 ወደ ሰሜን የሚነዳ ሰው ፒኖልንና ሄርኩለስን አልፎ፣ የክሮኬትን የስኳር ፋብሪካ በቀኝ ትቶ የካርኪኔዝን ድልድይ ሲሻገር ቫሌሆ ይገባል። መኪና ካልተጨናነቀ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ትምህርት ቤት በሚዘጋባቸው ወራት ከሪችመንድ፣ ከሳን ፓብሎና ከኦክላንድ ብዙ የሐበሻ ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ ወደዚያ ይወጣል። መድረሻው ሲክስ ፍላግስ ዲስከቨሪ ኪንግደም የሚባለው የመዝናኛ ፓርክ ነው። ልጆቹ ወደ ሮለር ኮስተሩ ይሮጣሉ፤ ወላጆቹ ጥላ ፈልገው ቦርሳና ጃኬት ይጠብቃሉ።

ከፓርኩ ሮለር ኮስተሮች ሁሉ ረጅም ሐዲድ ያለው ሜዱሳ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ተከፈተ (ከዚህ በታች ያሉት ቀናትና ዓመታት፣ የእኛ ካልተባሉ በቀር፣ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ከፍታው 150 ጫማ፣ ማለትም 46 ሜትር ያህል ነው። ፍጥነቱ በሰዓት 65 ማይል ይደርሳል፤ ተሳፋሪውን ሰባት ጊዜ ዘቅዝቆ ያዞራል። ወለል የለውም፤ እግር አየር ላይ ይንጠለጠላል።

ሰልፉ መግቢያ ላይ 54 ኢንች የሚል ምልክት ያለው መለኪያ ቆሟል። አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ጀርባዋን አስደግፋ ቆመች። ሠራተኛው ሃያ ዓመት የሞላው አይመስልም፤ ጎንበስ ብሎ ተረከዟን አየና በእጁ መሬቱን አሳያት። በጣቶቿ ቆማ ኖሯል። ተረከዟ ሲወርድ ምልክቱ ከአናቷ በላይ ቀረ። እናትየው ለባሏ በአማርኛ፣ «ሁለት ጣት እኮ ነው የጎደላት፤ ንገረው እስቲ» አለችው። አባትየው በእንግሊዝኛ ለመነ። ልጁ በትህትና ራሱን ነቀነቀ። ልጅቷ ዕንባዋን እየጠረገች ከሰልፉ ወጣች። እናትየው እንደ ብዙዎቻችን ነገሩን እንደ ግትርነት ቆጠረችው።

ያ ወጣት የመፍቀድ ሥልጣን የለውም። 54 ኢንች የሚለው ቁጥር ስለ ልጅቷ ድፍረት አንዳች አይናገርም፤ የሚናገረው ከትከሻ ወደ ደረት የሚወርደው መያዣ የሰውነቷ ትክክለኛ ቦታ ላይ ማረፍ አለማረፉን ነው። ወንበሩን የሠራው ኩባንያ ቁጥሩን በመመሪያው ላይ ጽፎታል፤ ፓርኩ ተቀብሎታል፤ የመድን ድርጅቱ ያውቀዋል። ሠራተኛው ሁለት ጣት ቢያልፋትና አንድ ነገር ቢደርስ፣ ፍርድ ቤት ውስጥ ከሁሉ በፊት የሚነሳው ያ ቁጥር ነው።

ፓርኩ የሚሸጠው ፍርሃት ነው። የፍርሃቱን መጠን የሚወስነው ግን መሐንዲሱ ብቻ አይደለም። ጠበቃው፣ መድን ሰጪው፣ የመንግሥት ተቆጣጣሪውና ዳኛውም እያንዳንዳቸው ድርሻ አላቸው። በዚህ በባሕረ ሰላጤው አካባቢ ደግሞ ልጆቻቸውን የቀበሩ ቤተሰቦች ድርሻ ከሁሉም ይበልጣል።

የሰውነት ጣሪያ

ሮለር ኮስተር በሰውነት ላይ የሚያሳድረው ጫና «ጂ» በሚባል መለኪያ ይለካል። ቆመን ስንኖር የሚሰማን የራሳችን ክብደት 1 ጂ ነው። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ባቡሩ ከቁልቁለት ወጥቶ ወደ ላይ ሲታጠፍ 4 ጂ ቢደርስበት፣ ለዚያች ቅጽበት ወንበሩ ላይ የ240 ኪሎ ያህል ይጫናል። ደም ከራስ ወደ እግር ይሸሻል። ጊዜው ከረዘመ ዓይን ይጨልማል፤ ከዚያም በላይ ከቆየ ሰው ራሱን ይስታል። ስለዚህ የጫናው ብዛት ብቻውን ብዙ አይነግረንም። ለምን ያህል ጊዜ ቆየ? ከየት አቅጣጫ መጣ? በምን ያህል ድንገት መጣ? ወደ ታች የሚጫን ኃይልን አከርካሪ ይችለዋል፤ ወደ ጎን የሚያላጋን አንገት አይወደውም።

የጥንቶቹ ሠሪዎች ይህን የተማሩት በሰው አንገት ላይ ነው። በ1895 ኒው ዮርክ ኮኒ አይላንድ ላይ ፍሊፕ ፍላፕ የሚባል ሰው የሚዘቀዝቅ ሐዲድ ተሠርቶ ነበር። ዙሩ ፍጹም ክብ ነበር። ባቡሩ በጣም በሚፈጥንበት በታችኛው ጫፍ ሐዲዱ በድንገት ይጠመዘዛል፤ በዚያ ነጥብ ላይ ጫናው 12 ጂ ገደማ ይደርስ እንደነበር ይገመታል። ተሳፋሪዎች አንገታቸውን እያመማቸው ወረዱ፤ ሐዲዱም ብዙ ዕድሜ አላገኘም። ከዚያ በኋላ ሰው የመዘቅዘቅ ሙከራ ለአሥርተ ዓመታት ተረሳ ማለት ይቻላል።

የመለሰው የሐዲዱ ቅርጽ መለወጥ ነው። ጀርመናዊው መሐንዲስ ቬርነር ሽቴንገልና ሠሪው አንቶን ሽዋርትስኮፕፍ ዙሩን ከክብ ወደ እንባ ጠብታ ቅርጽ ለወጡት፦ ባቡሩ በሚፈጥንበት ከታች ሰፊ፣ ፍጥነቱ በሚቀንስበት ከላይ ጠባብ። በ1976 ደቡብ ካሊፎርኒያ በማጂክ ማውንቴን ፓርክ የተከፈተው ሪቮሉሽን በዚህ ቅርጽ የመጀመሪያው ዘመናዊ ሙሉ ዙር ሆነ። በዚያው ዓመት ሳን ሆሴ ጥግ ሳንታ ክላራ ውስጥ ግሬት አሜሪካ የተባለው ፓርክ ተከፈተ፤ በ1980 ደግሞ ዲመን የተባለው ሮለር ኮስተሩ ሁለት ሙሉ ዙሮች ተጨመሩለት። ከታች ቆሞ ለሚያይ ሰው ከኮኒ አይላንዱ የባሰ ያስፈራል። ሰውነት ላይ የሚያርፈው ጫና ግን ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው።

እዚህ ላይ የነገሩ ቁልፍ አለ። ዓይን የሚያየውና አጥንት የሚሸከመው የተለያዩ ናቸው፤ የሙያው ጥበብ ሁሉ ያረፈው ሁለቱን በመለየት ላይ ነው። ኤ.ኤስ.ቲ.ኤም. በተባለው የደረጃዎች ድርጅት ሥር የመጫወቻ መሣሪያዎችን የሚመለከተው ኮሚቴ ኤፍ-24 በ1978 ተቋቋመ። ዛሬ ዲዛይነሮች የሚሠሩበት ደረጃ የጂ ጣሪያን ከጊዜ ጋር አቆራኝቶ ያስቀምጣል፤ ለቅጽበት እስከ 6 ጂ የሚፈቅደው ሰንጠረዥ ጊዜው በረዘመ ቁጥር ጣሪያውን ዝቅ ያደርጋል። ደረጃው በራሱ ሕግ አይደለም። ነገር ግን ብዙ ክፍለ ግዛቶች በሕጋቸው ጠቅሰውታል፤ በክስ ጊዜም የከሳሽ ጠበቃ «ደረጃው ይህን ይላል፤ እናንተ ምን አደረጋችሁ?» ብሎ የሚጀምረው ከእሱ ነው። ኒው ጀርዚ ደግሞ ከዚህ አልፋ በ2003 ለጂ ጣሪያ ያበጀች የመጀመሪያዋ ክፍለ ግዛት ሆነች።

ጣሪያው ሲነካ ምን እንደሚሆን በ2010 ቨርጂኒያ ውስጥ ታይቷል። ኢንቲሚዴተር 305 የተባለው 305 ጫማ የሚረዝም ሮለር ኮስተር በተከፈተበት ወቅት፣ ከመጀመሪያው ቁልቁለት ቀጥሎ ባለው ረጅም መታጠፊያ ላይ ብዙ ተሳፋሪዎች ዓይናቸው ጨለመ፤ ራሳቸውን የሳቱም ነበሩ። ፓርኩ መጀመሪያ ፍጥነቱን በፍሬን ቀነሰ። ወቅቱ ሲያልቅ ግን ሐዲዱን አፍርሶ መታጠፊያውን አሰፋውና ፍጥነቱን መለሰለት። ከፍታው ያው፣ ፍጥነቱ ያው፣ ቅርጹ ብቻ ሌላ ሆነ።

የፓርኮቹ ወገን ሁልጊዜ የሚጠቅሰው አንድ ጥናት አለ። በ1994 ስፓይን በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣው ይህ ጥናት የዕለት ተዕለት እንቅስቃሴ ራስ ላይ የሚያሳድረውን ጫና ለካ፤ ማስነጠስ ወደ 3 ጂ፣ ወንበር ላይ ወደ ኋላ ዘፍ ብሎ መቀመጥ ደግሞ ወደ 10 ጂ ሆኖ ተገኘ። የፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም በ2002 የሮለር ኮስተር ጫና ጤነኛ አንጎልን ለመጉዳት ከሚበቃው መጠን በእጅጉ እንደሚያንስ ጻፉ። እውነት ነው፤ ሊያጽናናም ይገባል። እኔን የሚያሳስበኝ «ጤነኛ» የምትለው ቃል ናት። በራሱ ቅል ውስጥ የሳሳ የደም ሥር ይዞ እንደሚኖር የማያውቅ ሰው እንደ ሌላው ሁሉ ትኬት ቆርጦ ይሳፈራል። በ2001 ማጂክ ማውንቴን ውስጥ ጎላያት በተባለው ሮለር ኮስተር ላይ ሕይወቷ ያለፈው ወጣት እንዲህ ያለ የተነፋ የደም ሥር ነበረባት።

የያዘው ነው የሚያበረው

ባቡሩ በሰንሰለት ወደ ላይ ሲጎተት የሚሰማው ቀጭ-ቀጭ-ቀጭ የሚል ድምፅ የስንቱን ልብ አቅልጧል! ያ ድምፅ ባቡሩ ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት ከሥሩ ያለው የብረት ምላስ ጥርስ በጥርስ ሲነክስ የሚወጣ ነው። ሰንሰለቱ ቢበጠስ ባቡሩ ባለበት ይቀራል። ተሳፋሪውን በጣም የሚያስፈራው ድምፅ የሚጠብቀው መሣሪያ ድምፅ ነው።

ይህን መሣሪያ ለሮለር ኮስተር ካበጁት አንዱ አሜሪካዊው ጆን ሚለር ነበር። ሚለር በ1919 ከዚያም የሚበልጥ ነገር በፓተንት አስመዘገበ፦ ከሐዲዱ በታች የሚሽከረከር ሌላ ጎማ። ከዚያ በፊት ባቡሩ ሐዲዱ ላይ ተቀምጦ ነበር የሚሄደው፤ ቁልቁለቱ በጣም ከዘቀዘቀ ሊነሳ ይችል ነበር። ጎማው ከሥር ሲይዘው ባቡሩ ከሐዲዱ መላቀቅ አልቻለም። ሠሪዎች በደህንነቱ ረክተው ዝም አላሉም፤ ወዲያው ቁልቁለቱን አሾሉት፣ ኮረብታውን ቀርጸው ሰው ከወንበሩ እንዲነሳ አደረጉት። የ1920ዎቹ ወርቃማ ዘመን ከዚያ ጎማ ተወለደ ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ከሳን ሆሴ በሀይዌይ 17 ተራራውን ተሻግሮ ሳንታ ክሩዝ የወረደ ሰው የዚያን ዘመን ሥራ ዛሬም ያገኛል። ጃይንት ዲፐር የተባለው የእንጨት ሮለር ኮስተር በ1924 ተከፍቶ እስካሁን ይሠራል፤ በ1987 ብሔራዊ ታሪካዊ ቅርስ ተብሏል።

ሌላው ጠባቂ ከዓይን የተሰወረ ነው። ሐዲዱ በክፍል በክፍል ይከፈላል፤ በአንድ ክፍል ውስጥ በአንድ ጊዜ ከአንድ ባቡር በላይ አይፈቀድም። ፊተኛው ካልወጣ ኋለኛው መግቢያው ላይ በፍሬን ይያዛል። ፍሬኖቹም የተሠሩት ኃይል ሲያጡ እንዲዘጉ ነው፤ ለመክፈት የአየር ግፊት ይፈልጋሉ፤ መብራት ቢጠፋ ወይም ግፊቱ ቢያልቅ ራሳቸው ይነክሳሉ። ተሳፋሪዎች መሃል መንገድ ላይ ተሰቅለው ሲቀሩ ዜና የሚሆነው ብዙውን ጊዜ ይህ ሥርዓት የታዘዘውን ሲሠራ ነው።

ቫሌሆ ውስጥ ደግሞ ሮር የሚባል የእንጨት ሮለር ኮስተር ነበር። በ1999 ተከፍቶ በ2015 ተዘጋ። በሚቀጥለው ዓመት በዚያው የእንጨት ማማ ላይ የብረት ሐዲድ ተነጥፎ ጆከር ተብሎ ተመለሰ። ጭንን አጥብቀው የሚይዙ አዳዲስ ወንበሮችና ልሙጥ የብረት ሐዲድ ስለመጡለት፣ ሮር ፈጽሞ ሊያደርገው ያልቻለውን አደረገ፤ ሰውን ሦስት ጊዜ ይዘቀዝቃል። መንገጫገጩ ቀነሰ፤ ፍርሃቱ ጨመረ። «ጠበቆች መዝናኛውን ገደሉት» ለሚሉ ሰዎች ከዚህ የተሻለ መልስ አላውቅም። የካሳ ስጋት የሚያጠፋው ጎን የሚመታውን፣ አንገት የሚያላጋውን፣ ከወንበር የሚያሾልከውን ነው። የእነዚህ መጥፋት ቦታ ለቀቀ፤ በተለቀቀው ቦታ ላይ የበለጠ ከፍታና የበለጠ መዘቅዘቅ ገባ።

ሁሉም ገደብ ከደህንነት አይመጣም። ቫሌሆ ውስጥ በ2001 የተከፈተው ቪ-ቱ የተባለው ሮለር ኮስተር የከተማውን የከፍታ ገደብ በማለፉ ማማዎቹ ወደ 150 ጫማ ዝቅ እንዲሉ ተደርጓል። ሳንታ ክላራ ውስጥ በ2013 የተከፈተው ጎልድ ስትራይከርም የመጀመሪያ ቁልቁለቱ በዋሻ የተሸፈነው የተሳፋሪው ጩኸት የጎረቤት ቢሮዎችን እንዳይረብሽ ነው። ዋሻው ጨለማ ስለሆነ ቁልቁለቱ ይበልጥ ያስፈራል።

ሕጉ የመጣበት መንገድ

ሳን ፓብሎ ያለችው በኮንትራ ኮስታ ካውንቲ ነው። በዚሁ ካውንቲ፣ ኮንኮርድ ከተማ፣ ዋተርወርልድ የሚባል የውኃ መዝናኛ ነበር። ሰኔ 2 ቀን 1997 ከናፓ የመጡ የመጨረሻ ዓመት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ባንዛይ ፓይፕላይን በተባለው መንሸራተቻ ላይ ተያይዘው በአንድ ጊዜ ወረዱ። መንሸራተቻው ለአንድ ለአንድ ሰው እንጂ ለዚያ ሁሉ ክብደት አልተሠራም ነበር፤ አየር ላይ ተሰብሮ ተገመሰ። አንዲት ተማሪ ሞተች፤ 32 ተጎዱ።

ምርመራው ሲጀመር ብዙ ወላጆች ያላወቁት ነገር ወጣ። ካሊፎርኒያ ከከተማ ከተማ እየተጫኑ የሚዞሩትን የፌስታ መጫወቻዎች በሕግ ታስመረምር ነበር፤ በ1968 የወጣ ሕግ አለ። በአንድ ቦታ ተተክለው ለሚኖሩት ትልልቅ ፓርኮች ግን የክፍለ ግዛቱ ተቆጣጣሪ አልነበረም። ለአንድ ቅዳሜና እሑድ የመኪና ማቆሚያ ላይ የሚተከለው መንኮራኩር መርማሪ ሲኖረው፣ ሚሊዮኖች የሚሳፈሩበት ሐዲድ አልነበረውም።

ፌዴራሉ መንግሥትስ? ለዚህ መልሱ ያለው ሳንታ ክላራ ነው። መጋቢት 29 ቀን 1980 በግሬት አሜሪካ ዊላርድስ ዊዘር በተባለው ሮለር ኮስተር ላይ ሁለት ባቡሮች ተጋጩ፤ አንድ የ13 ዓመት ልጅ ሞተ፣ ስምንት ሰዎች ተጎዱ። የሸማቾች ምርት ደህንነት ኮሚሽን የፓርኩን ባለቤት ማሪዮትን ከሰሰ፤ ክሱ ከዚያ በፊት የደረሱ ችግሮችን ሳታሳውቁ ቀርታችኋል የሚል ነበር። ጉዳዩ ኩባንያው 70 ሺህ ዶላር እንዲከፍል በስምምነት አለቀ። በተከታዩ ዓመት፣ በ1981፣ ኮንግረስ በቋሚ ፓርኮች ላይ የኮሚሽኑን ሥልጣን አነሳ። ኮሚሽኑ የሚዞሩትን ብቻ ይዞ ቀረ። ያኔ የማሳቹሴትስ የምክር ቤት አባል የነበሩት ኤድዋርድ ማርኪ ሥልጣኑን ለማስመለስ ደጋግመው ረቂቅ አቀረቡ፤ አንዱም አላለፈም። ይህ እስከ ዛሬ እንዲህ መሆኑ ያሳዝነኛል። የሕፃን አሻንጉሊት የፌዴራል ተቆጣጣሪ ያለው አገር ውስጥ የሕፃኑ ባቡር የለውም።

ከኮንኮርዱ አደጋ በኋላ በአካባቢው የተመረጡት የክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት አባል ቶም ቶርላክሰን ቋሚ ፓርኮችም እንዲመረመሩ የሚያስገድድ ረቂቅ ይዘው ተነሱ። ረቂቁ ገና ሳይጸድቅ ሌላ ሐዘን መጣ። ነሐሴ 22 ቀን 1999 በግሬት አሜሪካ አንድ የ12 ዓመት ልጅ ድሮፕ ዞን ከተባለው ከፍ አድርጎ ከሚለቅ ማማ ላይ ወድቆ ሞተ። በማግስቱ ቨርጂኒያ ውስጥ አንድ ወጣት ቆመው ከሚሳፈሩበት ሮለር ኮስተር ወድቆ ሞተ። በዚያው ሳምንት መጨረሻ ኒው ጀርዚ ውስጥ እናትና ልጅ ሞቱ። በአንድ ሳምንት አራት ሰው። አገረ ገዥው ግሬይ ዴቪስ በዚያው ዓመት ረቂቁን ፈረሙ፤ ሕጉ በ2000 ሥራ ላይ ዋለ።

ሕጉ ስለ ከፍታና ፍጥነት ምንም አይልም። እያንዳንዱ መሣሪያ በየዓመቱ እንዲመረመር፣ ምርመራውን ብቃቱ የተረጋገጠ ባለሙያ እንዲያደርገው፣ ፓርኩ መድን እንዲኖረው፣ ከመጀመሪያ እርዳታ ያለፈ ሕክምና የጠየቀ ጉዳት ሁሉ ለክፍለ ግዛቱ እንዲነገር ያዛል። በወረቀት ሲያዩት የቢሮ ሥራ ይመስላል። ሪፖርት ግዴታ ሲሆን ግን ያው መታጠፊያ ላይ ያው የአንገት ሕመም ለአምስተኛ ጊዜ ሲጻፍ የሚያየው ሰው አለ ማለት ነው፤ መሐንዲሱም የትኛውን መታጠፊያ እንደሚያሰፋ የሚያውቀው ከዚህ ነው። ተቆጣጣሪ የሌለበትን ዓለም ካንሳስ አይታዋለች። በ2014 የተከፈተውን 168 ጫማ ከፍታ ያለው ፌርሩክት የውኃ መንሸራተቻ ሲነድፉ ከነበሩት ዋነኞቹ ሰዎች የምህንድስና ትምህርት አልነበራቸውም። በ2016 አንድ የ10 ዓመት ልጅ ሞተበት። ክፍለ ግዛቱ የምርመራ ሕጉን ያጠበቀው ከዚያ በኋላ፣ በ2017 ነው።

ዳኞቹ የሳሉት መስመር

ከምርመራው ይልቅ የፓርኮችን እንቅልፍ የሚነሳው ፍርድ ቤት ነው። በካሊፎርኒያ ሁለት ውሳኔዎች ጎን ለጎን መነበብ አለባቸው።

የመጀመሪያው በ2000 ከተነሳ ጉዳይ ነው። ለጫጉላ ሽርሽር ከውጭ አገር የመጣች ወጣት ዲዝኒላንድ ውስጥ ኢንዲያና ጆንስ በተባለው መጫወቻ ላይ ተሳፍራ ከወረደች በኋላ አንጎሏ ውስጥ ደም ፈሰሰ፤ ከወራት በኋላ ሞተች። የክፍለ ግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የተጠየቀው ጥፋተኛው ማነው የሚለውን ሳይሆን ከዚያ የሚቀድመውን ነበር፦ የመጫወቻ ባቡር የሚያንቀሳቅስ ድርጅት በሕግ ዓይን ምንድን ነው? በ2005 ፍርድ ቤቱ በ4 ለ3 ድምፅ የሕዝብ አጓጓዥ ነው አለ። ሰውን በክፍያ ከቦታ ቦታ የሚያጓጉዝ ሁሉ፣ አውቶቡስም ይሁን አሳንሰር፣ በካሊፎርኒያ ሕግ ተራ ጥንቃቄ አይበቃውም፤ ከፍተኛው ጥንቃቄ ይጠበቅበታል። ተሳፋሪው የሚሄደው ለመደንገጥ መሆኑ ይህን አይለውጠውም። መደንገጡን ፈልጎ ነው፤ መጎዳቱን አይደለም።

ሁለተኛው የእኛው አካባቢ ነው። በ2005 ሐምሌ አንዲት ሐኪም ከልጆቿ ጋር ግሬት አሜሪካ ሄደች። ልጇ እየነዳ እሷ አጠገቡ ተቀምጣ በሚጋጩት ትንንሽ የኤሌክትሪክ መኪኖች ተሳፈሩ። መጨረሻ ላይ ከፊት አንድ መኪና፣ ወዲያው ከኋላ ሌላ መታቸው። ራሷን ለመደገፍ እጇን ፊቷ ባለው ሰሌዳ ላይ ዘርግታ ነበር፤ የእጇ አንጓ ተሰበረ። ከሰሰች። ክርክሯ ቀላል አልነበረም፦ ፓርኩን የያዘው ኩባንያ ሌሎች ፓርኮች መኪኖቹ በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲዞሩ አድርገው ፊት ለፊት መጋጨትን ሲቀንሱ፣ ሳንታ ክላራ ለምን ዝም አለች? ሳን ሆሴ የሚያስችለው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ለእሷ አደላ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን በ2012 የመጨረሻ ቀን በ6 ለ1 ድምፅ ሻረው።

ምክንያቱ ለሮለር ኮስተርም ብዙ ይናገራል። በሚጋጩ መኪኖች ውስጥ መሪውን የያዘው ተሳፋሪው ነው፤ ስለዚህ ፓርኩ አጓጓዥ አይደለም። መጋጨት ደግሞ የጨዋታው ነፍስ ነው። ለእያንዳንዱ መጋጨት ካሳ ይከፈል ከተባለ ፓርኮች መኪኖቹን እያዘገዩ እያዘገዩ ጨዋታውን ያጠፉታል። ፓርኩ ያለበት ግዴታ ጨዋታው ከያዘው በላይ አደጋ አለመጨመር ነው፤ የተበላሸ መኪና፣ የላላ ቀበቶ፣ ያልሠለጠነ ሠራተኛ ቢገኝበት ግን ከኃላፊነት አያመልጥም።

ሁለቱን ሳስተያያቸው መስመሩ ፍትሐዊ ሆኖ አገኘዋለሁ። መሪ ከያዝክ የራስህን ድርሻ ትሸከማለህ። እጅህን አስረው፣ ወገብህን ቆልፈው፣ ማቆም በማትችልበት ባቡር ላይ ካስቀመጡህ ግን የሰውነትህ ኃላፊ እነሱ ናቸው። ሜዱሳ ላይ ሠራተኛው የትከሻ መያዣውን ወደ ታች ከገፋ በኋላ ወደ ላይ ስቦ የሚሞክረው፣ ቀበቶውን በጣቱ የሚጎትተው፣ ጓደኛው ከወዲያኛው ወገን አውራ ጣቱን ካላነሳ ባቡሩ የማይነሳው በዚህ ሁሉ ምክንያት ነው።

ቋንቋውን የማያነብ

በእነዚህ ሁሉ ጥበቃዎች መሃል አንድ ሽንቁር አለ፤ እኛን በቀጥታ ይመለከታል። መስከረም 7 ቀን 1998 በዚያው ግሬት አሜሪካ፣ ያኔ ቶፕ ገን ይባል በነበረው ተሳፋሪ እግሩን አንጠልጥሎ በሚበርበት ሮለር ኮስተር ሥር፣ አንድ ስፔንኛ ተናጋሪ ጎልማሳ በነፋስ የተወሰደችውን የሚስቱን ባርኔጣ ሊያመጣ ወደ ተከለለው ቦታ ገባ። በሮቹ ላይ ማስጠንቀቂያ ነበር፤ እንግሊዝኛ ማንበብ አይችልም ነበር። ከላይ የመጣች ተሳፋሪ እግር መታውና ሞተ፤ የእሷም እግር ተሰበረ።

ማስጠንቀቂያ ሁለት ሥራ አለው፤ ሰውን ያስጠነቅቃል፣ ድርጅቱንም ከተጠያቂነት ይከላከላል። ላላነበበው ሰው የሚሠራው ሁለተኛውን ብቻ ነው። ሜዱሳ መግቢያ ላይ የልብ ሕመም፣ የደም ግፊት፣ የአንገትና የጀርባ ችግር ያለበት ሰውና እርጉዝ ሴት እንዳይሳፈሩ ተጽፏል። ግፊት ያለበት የቤተሰብ አባት ልጁ አፍሮበት እንዳይቀር ብሎ ምልክቱን አልፎ ሲገባ ያየሁት ስንት ጊዜ ነው። ልጆቻችን እንግሊዝኛውን ያነባሉ፤ የአባታቸውን መድኃኒት ግን አያውቁም።

ወረቀት መፈረምም አለ። የልደት ድግስ የሚደረግባቸው መዝለያ አዳራሾች መግቢያ ላይ ስልክ ወይም ታብሌት ይሰጡናል፤ ረጅሙን ጽሑፍ ወደ ታች እየገፋን በጣት እንፈርማለን። በካሊፎርኒያ ወላጅ ስለ ልጁ የፈረመው ተራ ቸልተኝነትን የሚመለከት ስምምነት በአብዛኛው ይጸናል። ከባድ ቸልተኝነትን ግን አይሸፍንም፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2007 እንዲህ ብሏል። ስለዚህ «ፈርመሃልና መብት የለህም» የሚል ሰው ግማሹን ብቻ ነው የነገረህ።

የአገራችን ሕግም ለዚህ ባዕድ አይደለም። በእኛ አቆጣጠር የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2068 በስፖርት ጨዋታ መካከል ሌላውን ተጫዋች ወይም ተመልካች የጎዳ ሰው፣ ተንኮል ወይም ከባድ የደንብ መጣስ ካልተገኘበት፣ ኃላፊ እንደማይሆን ይናገራል፤ የሳንታ ክላራዋ ሐኪም ከተፈረደባት ሐሳብ ጋር ይቀራረባል። ነገር ግን ድንጋጌው የሚናገረው ስለ ተጫዋቾች ነው፤ ትኬት ሸጦ ሰውን በገመድ ስለሚያንጠለጥል ድርጅት አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ በእንጦጦ ፓርክ ልጆች በሽቦ ላይ ሲንሸራተቱ ባየሁ ቁጥር ያ ገመድ በየስንት ጊዜው እንደሚመረመርና ማን እንደሚመረምረው የሚደነግግ ግልጽ ሕግ እንዲኖር እመኛለሁ፤ የካሊፎርኒያው ሕግ የመጣው ከሐዘን በኋላ ነው፣ የእኛ ቀድሞ ቢመጣ ምን ነበረበት።

እዚህ ላለነው ደግሞ ከሁሉ የሚያሰጋኝ ይሉኝታችን ነው። ልጅ ከባቡር ወርዶ አንገቱን ይዞ ሲያለቅስ ሠራተኛው ሮጦ ይመጣል፤ እናት «ምንም አልሆነም፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብላ ይዛው ትሄዳለች። ማታ ሳን ፓብሎ ቤት ሲደርሱ ሕመሙ ይብሳል፤ ነገሩ የትም አልተጻፈም። ዊዘር ላይ የተነሳው ክስ ያልተነገሩ የቀደሙ ችግሮችን የሚመለከት እንደነበር ልብ ይሏል። ፓርኩ ውስጥ ያለው የመጀመሪያ እርዳታ ጣቢያ ሄዶ ማስመዝገብ ገንዘብ አያስከፍልም፤ የመሣሪያውን ስም፣ ሰዓቱንና የተቀመጡበትን ወንበር መጻፍ ይገባል። በኋላ ሐኪም ቤት ከተሄደም ለፓርኩ ይነገር፤ ከመጀመሪያ እርዳታ ያለፈ ሕክምና ማሳወቅ የፓርኩ ግዴታ ነውና ሪፖርቱ ዋና ቢሮው ኦክላንድ ለሚገኘው የክፍለ ግዛቱ ደህንነት መሥሪያ ቤት ይሄዳል። በካሊፎርኒያ ለአካል ጉዳት ክስ የማቅረቢያው ጊዜ በመደበኛው ሁለት ዓመት ነው፤ ለልጅ ግን 18 ዓመት እስኪሞላው ድረስ ጊዜው አይቆጠርበትም።